ሥራ ያቆመውን ሰው አትቅጡት፦ ለአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያ ስፍራ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያ ስፍራ ሥራ አስኪያጆች፣ ለቦርድ አባላትና ለፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች፣
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ የሠራተኞችን ደህንነት ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ ብዙም አልችልበትም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቢሮ ውስጥ ሳይሆን መኪና በሚራገፍበት ሜዳ ላይ ነው። መጀመሪያ በርሜል አውራጅ ነበርኩ። ኋላ ፎርማን ሆንኩ፤ ከዚያ የደህንነት ተቆጣጣሪ። ትእዛዝ ተቀብያለሁ፣ ትእዛዝም ሰጥቻለሁ። የሠራሁበትን ድርጅት ስም አልጠራም። ለመክሰስ አይደለም የጻፍኩት። ደግሞ ነገሩ የአንድ ግቢ ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ።

በአንድ ቀን ልጀምር።

ከመቅበሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ፍሳሽ የሚስበው ፓምፕ ቆመ። ዝናቡ ሰንብቷል። ፍሳሹ ደግሞ ከታች በተነጠፈው ፕላስቲክ ላይ ዝም ብሎ እንዲጠራቀም አይተውም። በአሜሪካ ደንብ፣ ለምሳሌ፣ ከንጣፉ በላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ጥድፊያ ላይ ነበር። አንድ ወጣት መካኒክ የጉድጓዱን ክዳን ከፈተና አጎንብሶ ወደ ውስጥ ማየት ጀመረ። የተበላሸ እንቁላል ሽታ አፍንጫችንን መታን። ልጁ ግን አልተነሳም። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለና ፈገግ አለ።

"ጋሼ፣ ሽታው እኮ ጠፋ! ወጥቶ አልቋል" አለ። መሰላሉን ሊያወርድ እጁን ዘረጋ።

ጋሼ ያለው አጠገቤ የቆመውን አንጋፋ ሠራተኛ ነው። ሰውየው መልስ አልሰጠም። የልጁን ቀበቶ ይዞ ወደ ኋላ ጎተተውና መሬት ላይ አስቀመጠው። "ሽታው ጠፋ ካልክማ አለቀልህ!" አለው። ከዚያ ሁላችንንም ንፋሱ ወደሚመጣበት ወገን አስኬደን።

ያ ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። በትንሹ ሲሆን ይሸታል። በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል። ሰውየው ጋዙ የለም ይላል፤ የጠፋው ግን አፍንጫው ነው። መጠኑ ከ500 ሲያልፍ ሰው ራሱን ይስታል። ወደ 1,000 ሲጠጋ አንድ ሁለት ትንፋሽ ይበቃል። ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል።

የሚከተለውን ደግሞ የዚህ ሥራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ይወድቃል። ጓደኛው "ወንድሜ!" ብሎ ዘሎ ይገባል። እሱም ይወድቃል። ሦስተኛው ይከተላል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ባሉ ዝግ ቦታዎች ከሞቱት ሰዎች ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ ነበሩ። ፍርሃት ሳይሆን ፍቅር ነው የገደላቸው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የዚያን ቀን ማንም አልሞተም። ጋሼ ቦታውን ዘጋው። የጋዝ መለኪያው ይምጣ ተባለ። መለኪያው ቢሮ ውስጥ ነበር፤ ባትሪው አልቋል። እስኪሞላና ንጹህ አየር የሚነፋው ቬንትሌተር እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ሄደ። መኪኖች እስከ ዋናው በር ድረስ ተሰለፉ። ሹፌሮች ክላክስ አደረጉ። ደንበኞች ስልክ ደወሉ።

በወሩ መጨረሻ ጋሼ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው። "ከበላይ ሳይፈቀድልህ ሥራ በማስተጓጎልህ" ይላል።

ክቡራን፣ ደብዳቤውን የፈረመው ሰው ክፉ አልነበረም። የተሰለፉት መኪኖች ታዩት። ያልሞተው ልጅ ግን አይታይም። ያልደረሰ አደጋ ፎቶ የለውም፣ ደረሰኝ የለውም፣ በሪፖርት ላይም መስመር የለውም።

ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አላቆመም። በርሜል ሲያፈስ ያየ ዞር ይላል። ቀበቶው የላላ ማሽን ያየ "የኔ ጉዳይ አይደለም" ይላል። የደህንነት መዝገቡ ንጹህ ሆነ። አለቆቻችን ደስ አላቸው። እኔም ያኔ ፎርማን ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኛ ግቢ ግን ይነቅዛል።

ስለ ደህንነት ባህል ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ። ስላይዱ፣ ፖስተሩ፣ መፈክሩ ብዙ ነው። እኔ ግን አንድ መለኪያ ብቻ ነው የማምነው። አንድ ተራ ሠራተኛ "ይሄ ነገር አላማረኝም፣ አቁሙ" ባለ በሚቀጥለው ደቂቃ ምን ይሆናል? አለቃው ወደ ሰዓቱ ያያል ወይስ ወደ ሠራተኛው? ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

በየበሩ የምትሰቅሉትን ያን ሰሌዳ ላንሳ። "ያለ አደጋ ይህን ያህል ቀን ሠርተናል" የሚለውን። እኛም ጋ ነበር። ቁጥሩ ሲያድግ ቦነስ ይመጣል። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን አንድ ሰው ጣቱን በርሜል ክዳን ሲቆርጠው የሃምሳ ሰው ቦነስ በእሱ ጣት ላይ ይንጠለጠላል። እና ምን ያደርጋል? በጨርቅ ይጠቀልለዋል። የመጸዳጃ ቤቱ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ደም የነካው ጨርቅ አይቼ የማን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ከሃምሳ ሰው አንድም የተናገረ የለም። ለክፋት አይደለም። ለጓደኞቻቸው ቦነስ ነው።

ሰሌዳ እንደማይከላከል ትልቅ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2010 ዲፕ ዎተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ፈነዳ። 11 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን የኩባንያዎቹ ኃላፊዎች መቆፈሪያው ላይ ነበሩ። ከመጡበት ምክንያት አንዱ ሰባት ዓመት ሙሉ ሥራ የሚያስቀር ጉዳት አለመድረሱን ለማመስገን ነበር። ሰባቱ ዓመት ውሸት አልነበረም። የሚቆጥረው ግን የተሰበረ እግርንና የተቆረጠ ጣትን ነው። ከጉድጓዱ ሥር የሚመጣውን ግፊት አይቆጥርም።

እናንተም ብትቆጥሩ ሌላ ነገር ቁጠሩ። በዚህ ወር ስንት ሰው "ለጥቂት ተረፍን" ብሎ ሪፖርት አደረገ? ከነዚያ ስንቱ መልስ አገኘ? በስንት ቀን? ሪፖርቱ ዜሮ ከሆነ አታጨብጭቡ። ዜሮ ማለት ሰላም ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ሰው ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው።

ወደ በሩ እንምጣ። መኪና ይመጣል፣ ሰነድ ይዟል። ሰነዱ "የቀለም ዝቃጭ" ይላል። በርሜሉ ግን ክዳኑ ወደ ላይ አብጧል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ወረቀቱ "ቀለም ነው" ብሎ ድርቅ ይላል። ያበጠ በርሜል ግን ውስጡ ግፊት አለ ማለት ነው። አንድ ነገር ከሌላ ነገር ጋር እየተብላላ ነው። ሳይናይድ ያለበት ዝቃጭ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሰልፋይድ ያለበት ከአሲድ ጋር ያንኑ የጉድጓዱን ጋዝ ያወጣል። ክሎሪን ያለበት በረኪና ከአሲድ ጋር ክሎሪን ጋዝ ይሰጣል። ውኃ ሲነካው የሚቀጣጠል ብረትም አለ። ላኪው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ሠራተኛ የተረፈውን ሁሉ አንድ በርሜል ውስጥ ገልብጦት ይሆናል።

በሩ ላይ የሚቆመው ልጅ መኪና የመመለስ ሥልጣን አለው? ወረቀት ላይ አለው፤ አውቃለሁ። እውነተኛው ጥያቄ፣ ትልቁን ደንበኛችሁን መኪና ቢመልስ ማታ ማን ይደውልለታል የሚለው ነው። "ጎበዝ" ሊለው ነው ወይስ "ምን ሆነህ ነው?" ሊለው? ልጁ ይህን ያውቃል። በርሜሉን ከመመርመሩ በፊት የድርጅቱን አርማ ያያል። እኔ ራሴ አይቻለሁ።

የመከላከያ ዕቃ ነገር ደግሞ ሲነገር ቢውል አያልቅም። መጀመሪያ አንድ የተገለበጠ ነገር ላስተካክል። ጭምብልና ጓንት የመጨረሻው መከላከያ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። አደጋውን ከምንጩ ማስቀረት፣ በሌላ መተካት፣ በማሽንና በግንባታ መለየት፣ የአሠራር ሥርዓት ማበጀት፣ ይሄ ሁሉ ይቀድማል። በርሜል በሰው እጅ ከሚከፈት በሪሞት የሚበሳ መሣሪያ ቢኖር ጭምብሉ ላይ የምንጣላው ግማሹ ነገር ይቀራል። ግን ጭምብል ርካሽ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከጭምብሉ ይጀመራል።

እሱም ቢሆን በወጉ አይደለም። እኛ ጋ ማጣሪያዎቹ ዕቃ ቤት ተቆልፈው ነበር የሚቀመጡት፤ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍሉ ሰው ምሳ ሲወጣ ቁልፉም ምሳ ይወጣል። አንድ ጊዜ ለአቧራ የተሠራ ማጣሪያ አድርገው እንደ ቀለም ማቅጠኛ ያለ አሟሚ ኬሚካል የያዘ በርሜል አጠገብ ሲሠሩ አገኘኋቸው። "አድርገናል እኮ" አሉኝ። አድርገዋል። የአቧራ ማጣሪያ ግን እንፋሎትን አያስቆምም፤ ለዚያ ካርትሪጅ የሚባል ሌላ ማጣሪያ አለ። ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ደግሞ የትኛውም ማጣሪያ ዋጋ የለውም። አየር ውስጥ በተለምዶ 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለ። ከ19.5 በታች ሲወርድ የራሱን አየር የሚያቀርብ መሣሪያ እንጂ ማጣሪያ አይለበስም። ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ፊርማቸው ግን የሥልጠና መዝገቡ ላይ አለ።

ጢም ነገርም አለ። ጢም ያለው ሰው ፊት ላይ ጭምብሉ አይገጥምም፤ አየር በጎን ይገባል። ይህን ስናገር ስንቱ ተቀይሞኛል። መላጨት የማይፈልግ ወይም የማይችል ሰው ካለ ጢም የማይከለክለው፣ ራስን ሙሉ የሚሸፍንና አየር የሚነፋ ዓይነት አለ። ይወደዳል፤ ግን አለ። ሰውን ከመቆጣት መግዛት ይሻላል።

ሙቀቱን ደግሞ ቢሮ ያለ ሰው አያውቀውም። ያን ድፍን ልብስ ለብሶ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ላቡ አይተንም፤ ሰውነቱ የሚቀዘቅዝበት መንገድ ተዘግቷል። ሃያ ደቂቃ ሲሠራ ቡቱ ውስጥ ላብ ይንሸራተታል። ጭምብሉን ገፋ አድርጎ አየር የሚስበው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሊወድቅ ስለደረሰ ነው። እናንተ "ለምን አወለቅክ?" ከምትሉ ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳው አምጡት። እረፍቱን በሠራተኛው ጥያቄ ሳይሆን በሰዓት አድርጉት፤ ማንም ቀድሞ "ደከመኝ" ማለት አይወድም። ጥላና ውኃም ከተበከለው ክልል ውጭ፣ ግን ቅርብ ይሁን።

ስለ መኪኖቹ ባጭሩ። ወደ ኋላ የሚሄድ ገልባጭ መኪናና እግረኛ በአንድ ቦታ አይሠሩም። ያልተደላደለ መሬት ላይ ሳጥኑን ያነሳ መኪና በጎኑ ይተኛል፤ ስለዚህ አጠገቡ ማንም አይቁም። ይሄ ክርክር የለበትም።

የቆሻሻው ተራራ ነገር ግን ይብሰኛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኬትልማን ሂልስ በሚባል የአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 19 ቀን 1988 የቆሻሻው ክምር ከሥሩ ካለው ንጣፍ ላይ ተንሸራተተ። አንዳንድ ቦታ ወደ 11 ሜትር ያህል ነው የሄደው። የተንሸራተተው ፕላስቲኩና እርጥብ ሸክላው ወይም ሌላው ንጣፍ በሚነካኩበት ገጽ ላይ ነበር። ቆሻሻው ወደ መሬት እንዳይሰርግ የሚከለክለው ለስላሳ ንጣፍ ራሱ ክምሩን ያንሸራትተዋል ማለት ነው። ይህን መሐንዲስ ያሰላዋል። ማለዳ አፈሩ ላይ የተሰነጠቀ መስመር መጀመሪያ የሚያየው ግን ዶዘር ነጂው ነው። ነጂው ስንጥቁን አይቶ ለማን ይነግራል? በስንት ደቂቃ ለመሐንዲሱ ይደርሳል? ወይስ አፈር ደፍቶበት ያልፋል? እኔ አፈር ሲደፋበት አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ አደጋ መዝገብ ላይ ስለማይጻፈው ሞት። አስቤስቶስ የሚያመጣው ካንሰር ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ሊታይ ይችላል። ያኔ ሠራተኛው ጡረታ ወጥቷል፤ እናንተም ተቀይራችኋል። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ደግሞ ሠራተኛው ላይ ብቻ አያበቃም። በልብሱና በጫማው አቧራ ሆኖ ቤት ይገባል። ልጁ ሮጦ ያቅፈዋል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ እርሳስ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ ሻወር ቤትና የልብስ ማጠቢያ የቅንጦት ነገር አይደለም። የሥራ ልብስ ግቢው ውስጥ ይታጠብ። ቆሻሻውና ንጹሁ ልብስ የሚቀመጥበት ሎከር ይለይ። ሻወሩ ላይ ሙቅ ውኃ ይኑር፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲሆን ሰው ይዘለዋል፣ ምን ታደርጉታላችሁ? የመታጠቢያው ጊዜም ከሥራ ሰዓት ይቆጠር። ሰርቪሱ ጥሎት ሊሄድ ሲል የሚታጠብ ሰው አላየሁም።

ጊዜያዊ ሠራተኞችን ባላነሳ ይቆጨኛል። ከሁሉ የከፋውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የኬሚካል ታንክ ውስጡን የሚጠርጉት፣ የፈሰሰውን የሚያፍሱት። ኤጀንሲ ያመጣቸዋል፣ ኤጀንሲ ይወስዳቸዋል። ሲጎዱ ደግሞ ጉዳታቸው በእናንተ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም፤ የኤጀንሲው ነው። አንዱ ልክ ያልሆነ ቡት ተሰጥቶት በሁለት ቁጥር ስለበለጠው ካርቶን ጠቅጥቆ ሲሠራ አይቼዋለሁ። "ለምን አልተናገርክም?" አልኩት። "ነገ እንዳይጠሩኝ ፈርቼ" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ሊፈነዳ ያለ በርሜል ቢያይ ይናገራል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ሥልጠናውን በሚመለከት፣ የአሜሪካ ሕግ የተበከለ ቦታ ለሚያጸዱ ሠራተኞች 40 ሰዓት ሥልጠናና ሦስት ቀን በቅርብ ክትትል የሚሠራ የሜዳ ልምምድ ይጠይቃል። ቋሚ የማከሚያና የመቅበሪያ ስፍራ ሠራተኞች 24 ሰዓት፤ በየዓመቱም 8 ሰዓት ማደሻ። ሰዓቱ ጥሩ ነው። ግን ልምምዱን ጭምብል አስደርጋችሁ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቁማችሁ፣ "ጓደኛህ ወደቀ፣ አሁን ምን ታደርጋለህ?" ብላችሁ ካልሆነ ዋጋ የለውም። በዚያች ሰዓት እግሩ ወደ ጉድጓዱ ከመሮጥ ይልቅ እጁ ወደ ሬዲዮው እንዲሄድ ማድረግ ከባድ ነው። የሰውን ተፈጥሮ መቃወም ነው። ደጋግሞ በመለማመድ እንጂ በስላይድ አይመጣም።

"እና ሁሉም እንደፈለገ ሥራ ያቁም ነው የምትለው?" የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሟሚ ኬሚካል አጠገብ ሲጋራ የለኮሰን ሰው እኔ ራሴ በዚያው ቀን ከሥራ አስወጥቻለሁ፤ አልጸጸትም። ያውቃል፣ ተነግሮታል፣ ግን ለኮሰ። ይሄ ሌላ ነው። የተሳሳተ ሰው ሌላ ነው። የተጠራጠረ ሰው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ሦስቱን በአንድ የቅጣት ደብዳቤ ማስተናገድ ነው ሰውን ዝም የሚያሰኘው። በጥርጣሬ ያቆመና ጥርጣሬው ባዶ የሆነበት ሰውስ? እሱን አመስግኑት። ከሁሉም በላይ እሱን። ሌላው ሰው እያየ ያለው የእሱን መጨረሻ ነው።

ደግሞ ይሄ የእናንተ ቸርነት ብቻ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ባጸደቀው 155ኛ ኮንቬንሽን አንቀጽ 13 ላይ፣ ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ ከባድና የቀረበ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ሠራተኛ ከሥራው ዞር ቢል ያለአግባብ እንዳይጎዳበት ጥበቃ ይደረግለታል። በ2022 ደግሞ ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ ሆኗል።

ፈቃድ ሰጪዎች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል። ለቁጥጥር ስትመጡ ቀኑን አስቀድማችሁ ትነግራላችሁ። ከሁለት ቀን በፊት ግቢው ይጠረጋል፣ አዲስ ጓንት ይወጣል። ከመጣችሁ በኋላ ምሳ ከአለቆቹ ጋር ነው። አደጋ ሲደርስ ግን አጣሪ ኮሚቴ ሆናችሁ ትመጣላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትናገሩ ማታ ፈረቃ ላይ ኑ። የጋዝ መለኪያውን ባትሪ እዩ። ከዚያ በርሜል አውራጁን ለብቻው፣ አለቃው ሳይሰማ አናግሩት።

የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። የሰው ኃይል ክፍላችሁን የሠራተኞች ማህደር እንዲያወጣ እዘዙት። "ሥራ በማስተጓጎል"፣ "መኪና ያለ ፈቃድ በመመለስ"፣ "ትእዛዝ ባለመፈጸም" ተብለው የተጻፉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎችን ፈልጉ። አንድ በአንድ አንብቧቸው። ያን ቀን ሰውየው ምን አይቶ ነው ያቆመው? ብላችሁ ጠይቁ። ልክ ሆኖ ካገኛችሁት ደብዳቤውን ከማህደሩ አንሱለት። ስታነሱለት ግን በቢሮ አይሁን። ጠዋት፣ ፈረቃው ሜዳው ላይ ተሰብስቦ እያለ ይሁን።

ጋሼ ጡረታ ወጥቷል። መካኒኩ ልጅ አሁን ፎርማን ነው። የጋሼ ደብዳቤ ግን እስከማውቀው ድረስ ማህደሩ ውስጥ አለ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ በርሜል አውራጅ፣ ፎርማንና የደህንነት ተቆጣጣሪ